ጆርጅ ቡልና የመደመር ምልክቱ

ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1815 በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከን ከተማ፣ ከጫማ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ከጫማው ይልቅ ለሳይንስና ለመነጽር ሥራ ያደላ ስለ ነበረ ልጁ የዕውቀትን ፍቅር ከቤት አገኘ፤ ሀብት ግን አላገኘም። ስለዚህም በ16 ዓመቱ ረዳት መምህር ሆኖ ቤተሰቡን መርዳት ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ከፍተኛውን ሒሳብ በራሱ ጥረት ተምሮ በ1844 ከሮያል ሶሳይቲ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ፤ በ1849 ደግሞ በአየርላንድ፣ በኮርክ በተከፈተው ኮሌጅ የመጀመሪያው የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ።

የእኛን ሙያ ይበልጥ የሚነኩት በ1847 እና በ1854 ያሳተማቸው የሎጂክ መጻሕፍት ናቸው። ቡል አንድን የነገሮች መደብ በአንድ ፊደል ወከለ፤ 1 ሁሉን፣ 0 ባዶውን እንዲያመለክቱ አደረገ። ማባዛት ሁለት መደቦች የሚጋሩትን መምረጥ ነው። ስለዚህ ሀ በሀ ቢባዛ ያው ሀ ነው፤ ከነጭ ነገሮች መካከል ነጮቹን እንደገና መምረጥ ምንም አይለውጥምና።

ያስቸገረው መደመር ነበር። ቡል የሚደምረው የጋራ አባል የሌላቸውን መደቦች ብቻ ነው። ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1863 በተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ሀ ሲደመር ሀ ያው ሀ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ፤ ቡል ግን አልተቀበለውም። በ1864 በዝናብ በእግሩ ወደ ኮሌጁ ሄዶ፣ በእርጥብ ልብሱ አስተምሮ ታመመ፤ በታኅሣሥ 8 ቀንም በ49 ዓመቱ ዐረፈ።

ክሎድ ሻነን በ1937 ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ የቡልን አልጀብራ ለኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ካዋለው ወዲህ፣ ያ ክርክር ወደ እኛ ጠረጴዛ መጥቷል። ኢነም ፍላግ ስንሠራ ለማንበብ ፈቃድ 1፣ ለመጻፍ 2፣ ለማጥፋት 4 እንሰጣለን። አንድ ሰው ማንበብ ተፈቅዶለት ሳለ፣ ጽሑፉን ለማሳጠር ወይም በችኮላ ያንኑ 1 ዳግመኛ ብንደምርለት ውጤቱ 2 ይሆናል፤ የማንበብ ፈቃዱ ይጠፋና ያልተሰጠውን የመጻፍ ፈቃድ ያገኛል። ኮምፒዩተሩም ቅሬታ አያሰማም። ሲና ፈለጉን የተከተሉት ቋንቋዎች ፈቃዶችን በ«ወይም» የሚያጣምሩት፣ መኖራቸውንም በ«እና» የሚፈትሹት ስለዚህ ነው፤ «እና» የቡል ማባዛት ራሱ ነው። በ1970 የወጣው ፓስካል ግን የመደመርን ምልክት ለስብስቦች ውህደት ሰጠው፤ እዚያ ያንኑ ፈቃድ አሥር ጊዜ ብንደምር ያው አንዱ ነው። አጭርም ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት ለዓይንም የሚቀለው ይኸው ነው፤ ፍቺው ግን የቡል ሳይሆን የጄቮንስ ነው።