ዕፅዋትን ከስሕተት ያጠራው ሐኪም፦ ሊ ሺዠን

በዘመኑ የነበሩ የቻይና መድኃኒት መጻሕፍት አንዱን ዕፅ በሁለት ስም ይጠሩ፣ ሁለቱን ደግሞ በአንድ ስም ያደባልቁ ነበር። መርዛማው ሥር ከፈዋሹ ሲምታታ ዋጋውን የሚከፍለው በሽተኛው ነው። ይህን ሊያርም የተነሣው ሊ ሺዠን እ.ኤ.አ በ1518 በዛሬዋ ሁቤይ ግዛት ከሐኪም አባት ተወለደ። አባቱ ሹም እንዲኾንለት ቢመኝም ልጁ ለሹመት የሚያበቃውን ፈተና ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቱንም ወደቀ። ውድቀቱ ለብዙዎች በጀ።

ወደ አባቱ ሙያ ተመልሶ ከ1552 ጀምሮ 27 ዓመታት ያህል ደከመ። መጻሕፍትን ብቻ አላመነም፤ ገበሬውን፣ ዓሣ አስጋሪውንና አዳኙን ይጠይቅ ነበር። ፓንጎሊን የተባለው ቅርፊታም እንስሳ ጉንዳን ይበላል ሲባል ሰምቶ ሆዱን ቀዶ አየ፤ ጉንዳንም አገኘበት። ዕድሜ ያረዝማል እየተባለ ይዋጥ የነበረውን ባዜቃም መርዝነቱን ገልጦ ነቀፈ።

ድካሙ 52 ክፍሎች ያሉት፣ 1 ሺህ 892 መድኃኒቶችንና ከ11 ሺህ በላይ ቅመማዎችን የያዘ መጽሐፍ ኾነ፤ ስሙም ቤንጻኦ ጋንግሙ ነው። ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይደለም። አሳታሚ ፍለጋው ግን ዓመታትን ፈጀ። ሊ በ1593 አረፈ፤ መጽሐፉ በናንጂንግ ለአንባቢ የደረሰው በ1596 ነበር።