እቴጌ ምንትዋብና የቍስቋም ቤታቸው

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት በቋራ አገር ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበረ፤ ዘውድ በጫኑ ጊዜም ብርሃን ሞገሳ ተባሉ። ባለቤታቸው በጎንደር የነገሡት ዐፄ በካፋ ናቸው።

ሁለቱ የተገናኙበት ነገር በአፈ ታሪክ እንዲህ ይነገራል። ዐፄ በካፋ የድኻውን ኑሮና የሹማምንቱን ሥራ በዓይናቸው ለማየት ልብሳቸውን እየለወጡ በየአገሩ ይዞሩ ነበር። አንድ ጊዜ በቋራ ሲያልፉ በንዳድ ታመው ከመንገድ ቀሩ። አንድ የአገሩ ሰውም ከቤቱ አስገባቸው። የዚህ ሰው ልጅ እንግዳው ማን እንደ ሆነ ሳታውቅ፥ ውሃ እያቀረበች ምግብም እያበሰለች እስኪድን ድረስ አስታመመችው። ንጉሡ ወደ ጎንደር ከተመለሱ በኋላ ልከው አስመጧትና አገቧት። ነገሩ እንደ ተባለው ሁሉ ቢሆንም ባይሆንም፥ ሕዝቡ ስለ እቴጌይቱ ሲያወራ ከዘውዳቸው አስቀድሞ ያነሣው በሽተኛ ማስታመማቸውን ነው።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበረ፥ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ጋራ መንግሥቱን ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ጠላቶች ተነሥተው የነገሥታቱን ግቢ ከበቡ፤ ነገር ግን እቴጌይቱና ወገኖቻቸው ጸንተው ቆዩና ጠላቶቻቸው ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ገዙ፤ በጣና ሐይቅም ላይ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ጕድለትም አልታጣባቸውም። ትልቁን ሹመት ሁሉ ለቋራ ዘመዶቻቸው መስጠታቸው ሌሎቹን መኳንንት አስቀየመ፤ ያም ቅያሜ በኋላ ለቤታቸው መከራ ሆነ።

ከከተማው ወጣ ብሎ በሰሜን ምዕራብ በኩል፥ ከተራራው ሥር፥ ደብረ ፀሐይ ቍስቋም የተባለውን ስፍራ አሠሩ። በዚያም ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ ግንብ ሰፊም አዳራሽ ተሠራ፤ ዙሪያውም በቅጥር ታጠረ። በግንቡ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጸ መስቀልና ሌላም ጌጥ ይታያል። ቍስቋም የሚለው ስም የተወሰደው በግብፅ አገር ካለው ስፍራ ነው፤ እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ ሕፃኑን ይዛ ያረፈችበት ነው ይባላልና። ስለዚህ የቤቱ ስም ራሱ የስደተኛና የደካማ መጠጊያ ማለት ነበረ።

ስሙ የተፈተነበት ጊዜም መጣ። ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ። በእግራቸው የተተኩትን የእቴጌይቱን የልጅ ልጅ ዐፄ ኢዮአስን፥ በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደላቸው። በሚከተለው ዓመት፥ በ1762 ዓ.ም.፥ በጎንደር ፈንጣጣ ገባ። ከታመሙት አንዱ ወልደ ሐዋርያት ነበረ፤ እርሱም የዚያው የራስ ሚካኤል ልጅ ነው። እቴጌይቱ ግን የልጅ ልጃቸውን ያስገደለውን ሰው ልጅ ከደጃቸው አልመለሱትም፤ በቍስቋም ከራሳቸው ቤተ ሰብ ጋራ ተኛ። የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ልጅ አያ ኮንፉም ታሞ ነበር።

በዚያን ዘመን በፈንጣጣ የታመመ ሰው ነፋስ እንዳያገኘው በሩና መስኮቱ ይዘጋ ነበር። በሽተኛውን ልብስ ደራርበው ያለብሱታል፤ ትኩስ ያጠጡታል፤ በጨለማው ቤትም እሳት ይነድዳል፥ ጧፍ ይበራል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ነገር ግን በሽተኛው በሙቀትና በጢስ ይታፈን ነበር። በመጀመሪያ ሕመምተኞቹ ከዋልድባ ለመጣ መናኝ ተሰጡ። ወልደ ሐዋርያትም ሞተ።

በዚያው ወራት የዓባይን ምንጭ ለማየት የመጣ ጀምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ከጎንደር ደርሶ ነበር። ሕክምናም ጥቂት የሚያውቅ ነበር። እቴጌይቱ አስጠሩት። የማያውቁትን የሩቅ አገር ሰው፥ እምነቱም ልዩ የሆነውን፥ አምነው ልጆቹን በእጁ መስጠት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ልጆቹ ቢሞቱ ወቀሳው በራሳቸው ላይ ይወድቅ ነበርና። ሆኖም ቤታቸውን ለቀቁለት።

ብሩስ በመጽሐፉ እንደ ጻፈው፥ አሽከሮቹን ሁሉ ሥራ አስያዘ፤ በሮቹንና መስኮቶቹን አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ ዕጣንና ከርቤም አብዝቶ አሳጠነ። ፈንጣጣን የሚያድን መድኃኒት በእጁ አልነበረም፤ በዓለምም ገና አልተገኘም ነበር። የሰጣቸው ንጹሕ ነፋስና ንጹሕ ቤት ነው። አያ ኮንፉም ዳነ። ስለዚህ የነገሥታት ማረፊያ የነበረው ግንብ ለጥቂት ሳምንታት የሕሙማን ቤት ሆነ፤ በዘመኑም ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ክብር አላገኘም።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዐፅማቸውም በቍስቋም አለ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ቍስቋምም ጠፋ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደ ገና ተሠራ፥ ግንቡ ግን ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ።

እቴጌይቱ ካረፉ ከ23 ዓመት በኋላ፥ በ1788 ዓ.ም.፥ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር የፈንጣጣን ክትባት አገኘ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከምድር ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። በጎንደርም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ የተማሩት ወጣቶች ወደ ገጠር እየወጡ ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ንጹሕ ቤት ሕዝቡን አስተማሩ።

የድንጋይ ግንብ ይፈርሳል፤ ለታመመ የተከፈተ በር ግን አይረሳም። እቴጌ ምንትዋብ በሁለት ነገር ይመሰገናሉ። አንደኛው፥ የጠላታቸውን ልጅ በሽተኛ ባዩት ጊዜ ጠላትነቱን አላሰቡም። ሁለተኛው፥ የለመዱት ነገር እንደማይጠቅም ሲያዩ ከእንግዳ መማርን አላፈሩም። ቤት ያለው ሁሉ፥ ጎጆም ቢሆን፥ ይህን ለማድረግ ይችላል።