ኦስቦርን ሬይኖልድስ እና የተዘጋው ኩሽኔታ ቅባት

ባለ ኳስ ኩሽኔታ ሁለት ጎኑ በላስቲክ ተዘግቶ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ በውስጡ የተሞላው ግሪስ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት እንዲኖር ታስቦ ነው። ስለዚህ የቅባቱ ምርጫ በአብዛኛው የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቅባቱ ከልክ በላይ ወፍራም ከሆነ ኩሽኔታው ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ኃይልም ያባክናል፤ ከልክ በላይ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ብረት ከብረት ተነካክቶ ይበላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ ሁለት ጉዳቶች መካከል ያለውን መንገድ በሒሳብ የጠረጉትን ሊቅ ሕይወት መቃኘትና ሥራቸው ለዛሬው ምርጫ ያለውን ፋይዳ ማሳየት ነው።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1842 በቤልፋስት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቄስና መምህር ሲሆኑ፣ ለሒሳብና ለመካኒክስ የነበራቸውን ፍቅር ለልጃቸው አወረሱ። ወጣቱ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት በአንድ መሐንዲስ ወርክሾፕ በተለማማጅነት ሠሩ። በ1867 ከካምብሪጅ በሒሳብ ተመረቁ፤ በቀጣዩ ዓመት፣ ገና በ25 ዓመታቸው፣ በማንችስተር ኦወንስ ኮሌጅ የምህንድስና ፕሮፌሰር ሆኑ። እስከ 1905 ድረስም በዚያው አስተማሩ። በኋላ ኤሌክትሮንን ያገኘው ጄ. ጄ. ቶምሰን ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበር። ሬይኖልድስ አንድን ጥያቄ ሲይዙ ሌሎች የጻፉትን ከማንበባቸው በፊት ከሥሩ ጀምረው ራሳቸው ያሰላስሉት እንደነበር የመሰከረውም እርሱ ነው።

ይህ ልማድ በ1870ዎቹ አጋማሽ ስለ መንከባለል ባደረጉት ጥናት ታይቷል። የብረት ጥቅልል በላስቲክ ላይ እያንከባለሉ፣ የሚነካኩት ገጽታዎች ቅርጻቸው እንደሚለወጥና በመካከላቸው ጥቃቅን መንሸራተት እንደሚኖር አሳዩ። የሚንከባለል ነገር ሁሉ ከሰበቃ ነፃ አይደለም ማለት ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የኃይሉ ብክነት በአብዛኛው ከቁሱ ውስጣዊ መለዋወጥ እንደሚመነጭ ቢያረጋግጡም፣ ጥያቄውን በሙከራ የከፈቱት ሬይኖልድስ ናቸው።

ትልቁ ሥራቸው ግን ከሌላ ሰው ግርምት ተነሣ። በ1883 ቦሻምፕ ታወር የተባለ መሐንዲስ የባቡር ዘንግ ተሸካሚን ሲፈትሽ በአናቱ ላይ ቀዳዳ አበጀ። ዘንጉ ሲሽከረከር ዘይቱ በቀዳዳው ፈልቆ ወጣ፤ የተወተፈበትንም እንጨት ገፍቶ ጣለ። አማካይ ጫናው በኢንች ካሬ 100 ፓውንድ ያህል ሆኖ ሳለ፣ የተገጠመው መለኪያ ከ200 በላይ አለፈ። ሬይኖልድስ በ1886 ባሳተሙት ጽሑፍ ምክንያቱን አስረዱ፦ የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደሚጠብ ክፍተት ያስገባዋል፤ ዘይቱም በዝልግልግነቱ የተነሣ በቀላሉ ስለማያመልጥ ግፊት ፈጥሮ ዘንጉንና ተሸካሚውን ይለያያል። ለስሌታቸው የወይራ ዘይት ዝልግልግነት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚቀንስ ራሳቸው ለኩ።

የዛሬው መራጭ የሚማረው ከዚህ ነው። ጫናውን የሚሸከመው ዝልግልግነት፣ እንቅስቃሴውንም የሚጎትተው ያው ዝልግልግነት ነው። ግሪስ በማወፈሪያ የታቀፈ ዘይት እንደመሆኑ፣ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ዘይቱ በሥራው ሙቀት ላይ የሚኖረው ዝልግልግነት ነው። በኳሱና በመንገዱ መካከል ያለው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን የቀጠነ ነው፤ በዚያ ታላቅ ግፊት ብረቱ ጥቂት ይለጠጣል፣ ዘይቱም ይጠነክራል። ይህ ተጨማሪ ዕውቀት የተገኘው ከሬይኖልድስ ሞት በኋላ ቢሆንም መሠረቱ የእርሳቸው ቀመር ነው። ሰበቃን ለመቀነስ እንግዲህ ሽፋኑን የሚጠብቀውን ያህል ብቻ ዝልግልግ የሆነ ዘይት መምረጥና ከውስጡ ባዶ ቦታ ሲሶ ገደማውን ብቻ መሙላት ይበጃል። ጫናው ቀላል ሲሆን የላስቲክ መዝጊያው ሰበቃ ከኳሶቹ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ቅባቱን ብቻ መለወጥ በቂ አይሆንም።

ሬይኖልድስ ጤናቸው ታውኮ ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ በ1912 በእንግሊዝ ሶመርሴት አረፉ። ቅባት በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለው ልማድ ዛሬም በየወርክሾፑ አለ፤ የእርሳቸው ሥራ ግን ልኩ በስሌት ሊገኝ እንደሚችል ያስተምራል።