ጆሮው ውስጥ ኤሌክትሪክ የለቀቀው ሰውዬ፦ አሌሳንድሮ ቮልታ

የስልካችሁን ቻርጀር ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ከቁጥሮቹ ጎን የቮልት ምልክት ታገኛላችሁ። ስሙ የመጣው ከዚህ ሰው ነው።

ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1745 ጣሊያን ውስጥ ኮሞ ከተማ ተወለደ። እስከ አራት ዓመቱ አፉን ስላልፈታ ቤተሰቡ ሰግቶ ነበር ይባላል። ቆይቶ ግን ፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። የአገሩ ልጅ ጋልቫኒ፣ የሞተ እንቁራሪት እግር በብረት ሲነካ ሲንፈራገጥ አይቶ ኤሌክትሪኩ ከእንስሳው ነው ብሎ ነበር። ቮልታ አልተዋጠለትም፤ ከሁለቱ ብረቶች ነው ብሎ ተከራከረ። ዚንክና ብር እያፈራረቀ፣ በመሃላቸው በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን እያስገባ ደረደረ። የመጀመሪያው ባትሪ ይሄው ነው። በ1800 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አሳወቀ።

እዚያው ደብዳቤ ላይ አንድ ጉድ አለ። ሁለት የብረት ዘንጎች ሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ከትቶ ከባትሪው ጋር አገናኛቸው። መጀመሪያ ጭንቅላቱን ነዘረው፤ ከዚያ ወፍራም ነገር ድስት ውስጥ ሲንፈቀፈቅ የሚመስል ድምፅ ሰማ። አንጎሌን ይጎዳል ብሎ ስለፈራ አልደገመውም። (እናንተም እንዳትሞክሩት!)

ቮልታ በ1827 አረፈ። በ1957 ፓሪስ ላይ ጁርኖና ኤይሪየስ የሚባሉ ፈረንሳውያን የአንድ መስማት የተሳነው ሰው የመስማት ነርቭ አጠገብ ኤሌክትሮድ ተከሉ፤ ሰውየው ድምፅ ሰማ። ዛሬ ኮክሊያር ኢምፕላንት የምንለው መሣሪያ መንገድ የጀመረው እንዲህ ነው። አሁን ቀንድ አውጣ በሚመስለው የውስጥ ጆሮ ውስጥ ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮዶች ይገባሉ፤ መግቢያው አካባቢ ያሉት ቀጭን ድምፅ፣ ጥልቀት ውስጥ ያሉት ወፍራም ድምፅ ያሰማሉ።

ዋናው ጥያቄ ኤሌክትሪኩ በየት ገብቶ በየት ይመለሳል ነው። የቮልታ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስለሄደ የሰማው መንፈቅፈቅ ብቻ ነበር። ዛሬ አንዱ መንገድ ሞኖፖላር ነው፦ መመለሻው ከውስጥ ጆሮ ውጪ ይሆናል፣ ኤሌክትሪኩም ሰፋ ብሎ ይሰራጫል። ባይፖላር ላይ ግን እዚያው ጎረቤት ኤሌክትሮድ ጋ ስለሚመለስ ጠበብ ይላል። ጠባቡ ንግግርን አጥርቶ ያሰማል ብለን እንጠብቃለን አይደል? ሲሞከር ግን ሞኖፖላር የሚጠቀሙት ብዙ ጊዜ እኩል፣ አንዳንዴም የተሻለ ይሰማሉ። ስለዚህ የተለመደው እሱ ነው። ኤሌክትሪኩ ሾልኮ የፊት ነርቭን ሲነካና ፊት ሲርገበገብ ግን ባለሙያው ወደ ጠባቡ ሊቀይር ይችላል። ልጁን ለማስተከል የሚያስብ ወላጅ ቀዶ ጥገናው መጀመሪያ ብቻ እንደሆነ ይወቅ፤ ማስተካከያው ደጋግሞ መመላለስ ይጠይቃል።

ጠባቡ ያንኑ ያህል ድምፅ ለማሰማት የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። መሣሪያው ደግሞ የሚሠራው በባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ የስልካችንን ፐርሰንት ለምንቆጥር ለእኛ ለአርቦዬ ልጆች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።