የዐለትን ዕድሜ የለካው አርተር ሆልምስ

አርተር ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ፣ በታይን ወንዝ አካባቢ ተወለደ። አባቱ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነበር። በወላጆቹ ቤት በነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ኅዳግ ላይ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው የሚል ማስታወሻ ታትሞ ነበር። ሕፃኑ አርተር ይህን ቁጥር እያየ አደገ፤ የመሬት ዕድሜ ስንት ነው የሚለው ጥያቄም ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ ተቀረጸ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ አይስማሙም ነበር። ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን፣ መሬት ቀልጦ ከነበረበት ሁኔታ ለመቀዝቀዝ የሚፈጅበትን ጊዜ አስልቶ ዕድሜዋ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ብቻ እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1897 አስታወቀ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን ተራሮች ተሸርሽረው ሜዳ እስኪሆኑ ድረስ ይህ ጊዜ እንደማይበቃ ያምኑ ነበር። ሆኖም እምነታቸውን በቁጥር የሚያስረዱበት መሣሪያ አልነበራቸውም።

ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1907 በአነስተኛ የነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ሄዶ ፊዚክስና ሥነ ምድር ተማረ። በዚያን ጊዜ ዩራንየም የተባለው ንጥረ ነገር ጨረር እያወጣ ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ብረት እንደሚለወጥ ታውቆ ነበር። ነገሩን ለመረዳት በሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ካለው ማሰሮ ወደ ገበቴ የሚንጠባጠብ ውኃ ማሰብ ይጠቅማል። በማሰሮው የቀረውንና በገበቴው የተጠራቀመውን ውኃ የለካ፣ የመንጠባጠቡንም ፍጥነት የሚያውቅ ሰው፣ ውኃው መፍሰስ የጀመረው መቼ እንደሆነ ሊናገር ይችላል። በማዕድን ውስጥ ዩራንየሙ እንደ ማሰሮው ውኃ፣ እርሳሱም እንደ ገበቴው ውኃ ነው። የመለወጡ ፍጥነት ግን እጅግ ዝግተኛ ነው፤ በብዛት የሚገኘው የዩራንየም ዓይነት እኩሌታው እስኪለወጥ ድረስ 4,500 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጃል።

ወጣቱ ተማሪ ከኖርዌይ የመጡ ማዕድናትን ተቀብሎ በቤተ ሙከራ መመርመር ጀመረ። ማዕድኑን አድቅቆ ይፈጨዋል፤ ዱቄቱን በኃይለኛ ሙቀት ያቀልጠዋል፤ ከዚያም በአሲድ ያሟሟዋል። የዩራንየሙን መጠን ከሚወጣው ጨረራዊ ጋዝ ይለካል፤ እርሳሱን ደግሞ ከሟሟው ለይቶ በሚዛን ይመዝናል። የሚመዘነው እርሳስ በሚሊግራም የሚቆጠር ስለ ነበር ከአየር ወይም ከዕቃ የሚገባ ጥቂት እድፍ እንኳ ውጤቱን ሊያበላሽ ይችል ነበር። ስለዚህ ሥራው ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ፣ ደጋግሞም የሚሠራ ነበር። በመጨረሻ የዐለቱ ዕድሜ 370 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን አሰላ። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1911 ሲወጣ ሆልምስ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ይህ አኃዝ በኋላ በተሻሉ ዘዴዎች እርማት ቢያስፈልገውም፣ የዐለቶች ዕድሜ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር መሆኑ ግን አልተናወጠም።

ጽሑፉ በለንደን ሲነበብ ሆልምስ በዚያ አልነበረም። ገንዘብ ስለ ቸገረው ማዕድን ለመፈለግ ተቀጥሮ ወደ ሞዛምቢክ ሄዶ ነበር። በዚያም ጥቅም የሚሰጥ ማዕድን ሳያገኝ በወባ ታመመ፤ ሕመሙ ስለ ጸናበት የመሞቱ ወሬ በቴሌግራም ወደ አገሩ እስከ መተላለፍ ደረሰ። ነገር ግን ከሞት ተረፈ፤ ከሞዛምቢክ ዐለቶችም ናሙና ይዞ ተመለሰ።

እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ መሬት ዕድሜ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በእርሱ አቆጣጠር እጅግ ጥንታዊ የሚባሉት ዐለቶች ዕድሜ እስከ 1,600 ሚሊዮን ዓመት ይደርስ ነበር። ብዙ የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን ውጤቱን ተጠራጠሩት። ቀድሞ ጊዜ አነሰን ሲሉ የነበሩት አሁን ጊዜው በዛብን አሉ። ሆልምስም የዘዴውን ደካማ ጎን አልሸሸገም። ገበቴው አስቀድሞ ውኃ ከነበረበት ወይም የሚያፈስ ከሆነ ስሌቱ እንደሚሳሳት ሁሉ፣ በማዕድኑ ውስጥ ከጥንት የነበረ እርሳስ ካለ ወይም እርሳሱ ከወጣ ዕድሜው እንደሚዛባ ያውቅ ነበር።

የኑሮው ችግር ግን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1920 በነዳጅ ዘይት ፍለጋ ሥራ ወደ በርማ ሄደ። በዚያ የቀጠረው ኩባንያ ከሰረ፤ ከዚህም የከፋው ትንሹ ልጁ በተቅማጥ በሽታ ሞተበት። ባዶ እጁን ወደ አገሩ ተመልሶ ሥራ ካጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 በደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር መምህር ሆነ። በ1943 ደግሞ ወደ ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት ተዛወረ። በእነዚህ ዓመታት የመሬት ውስጣዊ ሙቀት ከሥር ያለውን ዐለት በዝግታ እያንቀሳቀሰ አህጉራትን ሊገፋ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህም ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው በ1960ዎቹ ነው።

በዚህ መካከል የእርሳስን ዓይነቶች በየክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ተሠርቶ ነበር። ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1946 በዚህ መሣሪያ የተገኙትን ልኬቶች ተጠቅሞ የመሬት ዕድሜ 3,000 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን አሰላ። ከአሥር ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን መርምሮ አኃዙን ወደ 4,550 ሚሊዮን ዓመት አደረሰው። ሆልምስ ይህን ለማየት በቃ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በ75 ዓመቱ አረፈ።

ሆልምስ ከሞት አፋፍ የተመለሰበትን የሞዛምቢክ ምድር አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ1951 ከሞዛምቢክ ወደ ሰሜን የሚዘረጋውን ጥንታዊ የዐለት ቀበቶ በዚያች አገር ስም ሰየመው። ይህ ቀበቶ በታንዛኒያና በኬንያ አልፎ እስከ ኢትዮጵያ ይደርሳል። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች የእነዚህን አገሮች ዐለቶች ዕድሜ ሲለኩ መሣሪያቸው ከእርሱ ሚዛን እጅግ የረቀቀ ቢሆንም፣ የሚሠሩት ግን ያ ችግረኛ ተማሪ የጀመረውን ሥራ ነው፤ የቀረውንና የተጠራቀመውን በጥንቃቄ ለክተው ያለፈውን ጊዜ ይቆጥራሉ።