ሴይቼንቶን ያከነፋት ሰው

አዲስ አበቤ ሴይቼንቶን የሚያውቃት በታክሲነቷ ነው። ይቺኑ የቤተሰብ መኪና የውድድር አውሬ ያደረጋት ግን ካርሎ አባርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ቪየና የተወለደው አባርት በሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ስም ቢያተርፍም፣ ከባድ አደጋ ደርሶበት ከውድድር ወጣ። አለቀለት ሲባል በ1949 ጣሊያን ውስጥ የራሱን ኩባንያ ከፈተ። ኮከቡ ዐቅራብ ነበርና ጊንጥን አርማው አደረገ።

በ1956 የሴይቼንቶን ክራንክ ሻፍት ቀይሮ 633 ሲሲ የነበረውን ሞተር ወደ 747 አሳደገው፤ ጉልበቷም እጥፍ ገደማ ሆነ። ሰውዬው በዚህ አላበቃም። በ1965፣ በ56 ዓመቱ፣ ጠባቧ የውድድር መኪና ውስጥ ለመግባት ፖም እየበላ 30 ኪሎ ቀነሰና ሞንዛ ላይ ራሱ ነድቶ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ። ኩባንያውን በ1971 ለፊያት ሸጦ፣ በ1979 አረፈ። ጊንጡ ግን ዛሬም መኪና ላይ አለ።