ፖስታን ለድሃውና ለነጋዴው ያቀረቡት ሰር ሮውላንድ ሂል

እ.ኤ.አ በ1795 በእንግሊዟ ኪደርሚንስተር ከተማ የተወለዱት ሰር ሮውላንድ ሂል ለዓመታት በመምህርነት ቢያገለግሉም ስማቸውን በዓለም ያስጠራው የፖስታ አገልግሎት ማሻሻያቸው ነው።

በዘመኑ የደብዳቤ ዋጋ በርቀትና በወረቀት ብዛት የሚተመን ሲሆን፣ ክፍያውም በአብዛኛው የሚፈጸመው በተቀባዩ ነበር። በዚህም ሳቢያ ድሃው ከዘመዱ፣ አነስተኛ ነጋዴውም ከደንበኛው ጋር ለመጻጻፍ ይቸገር ነበር።

ሂል በ1837 ባሳተሙት ጥናት አንድን ደብዳቤ ከለንደን ኤደንብራ ማጓጓዝ የሚጠይቀው ወጪ የአንድ ፔኒ ሰላሳ ስድስተኛ እጅ ብቻ መሆኑን አሰሉ። አገልግሎቱን ያስወደደው የሒሳብ አያያዙና የክፍያ አሰባሰቡ መሆኑን በማመልከትም፣ ላኪው አስቀድሞ የሚከፍለው፣ በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ የሆነ የአንድ ፔኒ ዋጋ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረቡ። የለንደን ነጋዴዎችም ኮሚቴ አቋቁመው ደገፏቸው።

አሠራሩ በ1840 በቴምብር ሲጀመር በዓመት 76 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የደብዳቤ ቁጥር ወደ 169 ሚሊዮን አሻቀበ። በአንጻሩ የመንግሥት የተጣራ የፖስታ ገቢ ከ1 ነጥብ 6 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። ሂልም በ1842 ከኃላፊነታቸው ተሰናበቱ።

በ1846 ወደ ፖስታ መሥሪያ ቤቱ ተመልሰው ከ1854 እስከ 1864 በዋና ጸሐፊነት መርተዋል። በዚሁ ዘመን በ1861 የተቋቋመው የፖስታ ቁጠባ ባንክ ለሠራተኛው ጥቂት ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት አስተማማኝ ሥፍራ ሆኗል።

የተጣራው ገቢ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ከሃያ ዓመታት በላይ ቢፈጅም፣ ሰር ሮውላንድ በ1879 በ83 ዓመታቸው ሲያርፉ በአገሪቱ በዓመት የሚላከው ደብዳቤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዌስትሚንስተር አቢ ተፈጽሟል።